ቀዩን ጭነት የተከተሉት አባቴ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ አመጣችልኝ። ከፕላስቲክ ከረጢቱ ስታወጣው ያልታጠበ ሱፍና የቀለም ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቀለሙም ደማቅ ቀይ ነበር። «አልወደዱትም እንዴ?» አለችኝ። ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ያ ሽታ ከተቀመጥኩበት አስነስቶ ከግድግዳ ግድግዳ ያንቆራጥጠኝ ጀመር፤ ምክንያቱን በአጭሩ ማስረዳት አልቻልኩም። ለእሷ ያልመለስኩትን እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አባቴን ከአገር ቤት ያመጣኋቸው ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን የዓይን ሞራ ስለጋረዳቸው ለቀዶ ሕክምና ነው። በማግስቱ ጧት ሆስፒታል ካልተገኘን ተራችን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ ደግሞ የሚነግረን አልነበረም። ዕውር ነበሩ ማለት ትክክል አይሆንም። ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ፤ ደማቅ ቀለምም ከቀረባቸው ያውቁታል። የሰው ፊት ግን ለእሳቸው ጉም ነበር፤ የእኔንም ፊት ካዩ ዓመታት አልፈዋል።

ከአውቶቡስ ተራ ወጥተን መርካቶ ውስጥ ጥቂት እንደተራመድን ከዘራቸውን አውቶቡሱ ላይ መርሳታቸው ትዝ አላቸው። ከዘራ ለሌላው ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለአባቴ ግን መንገዳቸውን የሚዳስሱበት እጅ ነበር። እሳቸውን በዚያ ግፊያ እየመራሁ ልመለስ ብል አውቶቡሱ ሊነሳ ይችላል። ዙሪያዬን ስቃኝ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቀይ ብርድ ልብስ እስሮች እስከ ጣሪያው ተቆልለው አየሁ። እጃቸውን ወስጄ ቁልሉ ላይ አሳረፍኩት።

«አባባ፣ ይሄ ይታይዎታል?»

«ቀይ ነው!» አሉ፤ ማየታቸው ደስ ብሏቸው።

«እስክመጣ ድረስ ከዚህ ከቀዩ እንዳይለዩ።»

«ወዴት ልሄድ ኖሯል?»

ከዘራውን አገኘሁት። ስመለስ ግን ቁልሉ የለም። በኋላ እንደተረዳሁት በቦታው አንድ ሰው ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ እየደረደረ ስለነበር፣ ያንኑ ሱቅ ደጋግሜ አልፌው እንኳ አላወቅሁትም። መርካቶ ውስጥ ዕቃን የመንገድ ምልክት ማድረግ ከወንዝ ውስጥ ውሃን ምልክት እንደማድረግ ነው።

ያን ጊዜ ሩጫ ጀመርኩ። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ መዶሻዎች ጆሮዬን አደነቆሩት፤ የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮዬን ፈጀው፤ ተሸካሚዎች ከኋላዬ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይገፉኛል። «ጋቢ የለበሱ፣ ረዘም ያሉ፣ ዓይናቸው የማያይ አባት አላያችሁም?» እላለሁ። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሌላው ጭራሽ አይሰማኝም። ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ መኪና ባየሁ ቁጥር ከጎማው ሥር ነጭ ጋቢ እፈልጋለሁ። ክፍት የውሃ መውረጃ ሳይ ጎንበስ ብዬ እመለከታለሁ። ሰው በሞላበት አገር ሰው እንደሌለበት በረሃ ተጨነቅሁ።

«ምን ያንቀዠቅዥሃል? ሳሙናዬን ረገጥክብኝ እኮ!»

መሬት ላይ ሳሙና ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ነበረች።

«ይቅርታ፣ እትዬ። አባቴ ጠፉብኝ። ዓይናቸው አያይም። ነጭ ጋቢ የለበሱ...»

«ጋቢ ያልለበሰ አባት የት አለና ነው! ምን ጋ ነው ያቆምካቸው?»

«ቀይ ብርድ ልብስ ጋ።»

«ታዲያ ብርድ ልብሱን አትፈልግም? እዚህ ሰው ይጠፋል እንጂ ዕቃ የት እንደገባ የማያውቅ የለም!»

አጠገቧ ላለችው ሻጭ «አንቺ፣ ሳሙናዬን እዪልኝ» ብላ ተነሳችና እጅጌዬን ይዛ ትጎትተኝ ጀመር። ባዶ ጀርባውን የሚመለስ ተሸካሚ ስታይ ትጮኻለች፦ «አንተ! ቀዩ ብርድ ልብስ ወዴት ወረደ?» «ወደ አብነት! የጅማ መኪና ላይ!» ይላታል ሳይቆም። ጥቂት ወረድ ብለን ሌላውን ስትጠይቀው ግን ሳቀ።

«ሽማግሌ የሚከተለውን ጭነት ነው የምትዪው?»

ፊቴን በመዳፌ ሸፍኜ ቆምኩ። ሴትዮዋ ግን አልቆመችልኝም፤ «ኋላ ታለቅሳለህ፣ አሁን ተራመድ!» አለችኝ።

የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ተሸካሚዎቹ እስሮቹን እያነሱ ሲሄዱ አባቴ የመጨረሻውን እስር ገመድ ጨብጠው ተከተሉ። ተሸካሚው ከኋላው ሲጎተት «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። መርካቶ ውስጥ ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ጥያቄ አይቀድምም፤ ሰው ከበባቸው፣ እጅም ተነሳ።

«ሌባስ አይደለሁም» አሉ አባቴ፣ ገመዱን ሳይለቁ። «ልጄ ከቀዩ እንዳልለይ ነግሮኛል። ቀዩ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ።»

የተነሳው እጅ በሳቅ ወረደ። ተሸካሚው ዓይናቸውን ሲያይ ነገሩ ገባው። ያን ሸክም አዝሎ መመለስ አይችልም፤ በዚያ ግርግር መሀል ትቷቸው መሄድም አልሆነለትም። «በሉ አባባ፣ አጥብቀው ይያዙ» አላቸው። እስከ አብነት ድረስ ጎብጦ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ መንገዱን እየነገረ ወሰዳቸው፦ «ድንጋይ ነው፣ እግርዎን ያንሱ! ውሃ ነው፣ በቀኝ! አይዞዎት፣ አለሁ!»

መኪናው ጋ ሲደርሱ ችግሩ ባሰ። እስሩ ሲጫን አባቴም ካልወጣሁ አሉ። የጭነቱ ባለቤት፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ የስልጤ ነጋዴ፣ ነገሩን ሲሰማ «አንዱን እስር አውርዱት» አለ።

«ጋሼ፣ ረፍዷል እኮ!» ብሎ አጉረመረመ ሾፌሩ።

«አንተ ሂድ፣ እስሩ ይቀራል። ወላሂ፣ ለልጃቸው የሰጡትን ቃል እኔ አላስፈርሳቸውም።»

መኪናው ያንን እስር ትቶ ሄደ። ስንደርስ አባቴ ጀርባቸውን ለቀዩ ብርድ ልብስ ሰጥተው፣ ነጋዴው ያስመጣላቸውን ሻይ ይጠጣሉ። «አባባ!» ስላቸው «ዘገየህ» አሉኝ። ነጋዴው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምስጋናዬን ተቀበለና ከሰው መሀል ገባ። ሴትዮዋም «ሳሙናዬ!» ብላ ተመለሰች። ተሸካሚው እስሩን ወደ ሱቁ ሊመልስ ከአባቴ ጀርባ አንስቶ ተሸክሞት ኖሮ፣ ዞር ስል ያየሁት ዳገቱን የሚወጣ ቀይ ብቻ ነው። ፊቱን አላየሁትም። ዛሬ በአብነት የከተማው ባቡር ያልፋል፤ በዚያ በሄድኩ ቁጥር ግን ዓይኔ ዳገቱን ይፈልጋል።

ሐኪሞቹ ተሳካላቸው። ፋሻው ሲፈታ አባቴ ፊቴን አተኩረው አይተው «ከስተሃል» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ያንን ተሸካሚ ማየት አለብኝ» አሉ። ወደ አገር ቤት በሚመለሱበት ቀን አብነት ወሰድኳቸው። ተሸካሚዎች በፊታችን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አባቴ እያንዳንዱን ፊት ጎንበስ እያሉ ከሸክሙ ሥር ያያሉ። እኔም የምጠቁማቸው ሰው አልነበረኝም፤ የጠየቅናቸውም አላወቁልንም። ቆይተው «ፊት በዛብኝ፤ የማውቀው ድምፁን ነው» አሉና ያን ያህል ደክመን ያስከፈትነውን ዓይን ጨፈኑት። አንገታቸውን ወደ ጫጫታው ዘንበል አድርገው ቆሙ።

አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ሰግቼ ክንዳቸውን ነካሁ።

«ቆየኝ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ገና እየሰማሁ ነው።»