ተኝቶ የቆየው ሳል

ባለቤቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና ብዕሩን አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቃል እስኪመጣልኝ ይመሻል።

እኔ ቆቦ ከተማ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የእሱ ማሳ ዋጃ በኩል ነበር። በእኛ ቆላ ማሽላ በሰማይ ዝናብ ብቻ አይበቃውም፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማጠጣት አለ። ጎርፉ ሲመጣ ማሳው ላይ ያልተገኘ ተራው ያልፈዋል። መሬቱ ጦም ካደረ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል።

ሳንባ ነቀርሳ እንደያዘው የታወቀው በበጋ ነው። በየጠዋቱ ክሊኒክ እየሄደ መርፌ ይወጋ፣ ኪኒንም ይውጥ ጀመር። ሳሉ ተወው፣ ፊቱም ሞላ። ክረምቱ ሲቃረብ፣ "ድኛለሁ፤ መርፌው ይብቃኝ፤ ወደ ማሳዬ ልሂድ" አለኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የጤና ረዳት እንዲመክረው ይዤው ሄድኩ።

"ጋሼ፣" አለው፣ "ይህ መርፌ ባክቴሪያውን የሚገድለው፣ ባክቴሪያው ፕሮቲን ሲሠራ ሥራውን እያበላሸበት ነው። ሁሉም ግን እየሠራ አይጠብቀንም። ሲጨንቀው ፕሮቲን መሥራቱን አቁሞ፣ ሳያድግ፣ ሳይራባ ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ አለ። ካልሠራ ምኑን እናበላሽበታለን? ክፉው ቀን ሲያልፍ ይነሳል። ሕክምናውን የምናስረዝመው ለእሱ ነው።"

"ተኝቶ ከሆነማ ምን አስቀሰቀሳችሁ? ይተኛ!"

የጤና ረዳቱ ሳቀ። "እኛ አንቀሰቅሰውም፤ ራሱ ይነሳል።"

"ጎርፉም ራሱ ይነሳል። እሱን ደግሞ መርፌ አያቆመውም።"

ወደ ቤት ስንመለስ ለመንኩት። ለዚህ ክረምት እንኳ ወንድሙ ማሳውን ይይለት፣ እሱ ይረፍ አልኩ።

"እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ ምን ልታበይኝ ነው? ጠመኔ?"

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። አካፋውን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ማሳው ዳር ጎጆ ሠርቶ ተቀመጠ። ኪኒኑን ወደ ዋጃ በሚሄድ ሰው እልክለት ነበር፤ መርፌ ግን አይላክም። ኪኒኑንም ሲያስታውስ ነበር የሚውጠው።

ማሽላው ሰው ይውጥ ነበር፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም። መስከረም ላይ ጠቁሮ፣ ጠንክሮ ቤት መጣ። "አልሐምዱሊላህ፤ አየሽ?" አለኝ። አየሁ።

ሳሉ የተመለሰው አጨዳ ላይ ነው፤ ደም ይዞ። መርፌውን እንደገና ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልረዳውም። አላህ ይማረውና፣ አልጋ ላይ ሆኖም ስለ አውድማው ይጠይቅ ነበር።

አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ተህዋስያን ሳስተምር ጠመኔውን አስቀምጣለሁ። ያ በዓይን የማይታይ ነገር ክፉ ቀን ሲመጣ ሥራ መተውን ያውቃል። ባለቤቴ ይህን አያውቅበትም ነበር፤ ማንስ አስተምሮት? መሬት ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠ አይቆይም።

ማሽላውን ወንድሙና ጎረቤቶቹ ወቅተው አመጡልኝ። እስካሁን የምበላው ከዚያ ነው።