ነፃ የወጣው ዳቦ

ጸሐፊው ሚስቱ ወደ አፏ የምታስገባውን ሁሉ ለፍርድ የሚያቀርብ ሰው ነበር። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሌሎችን ፍርድ ሲጽፍ ኖሯል፤ ዳኛ የሆነው በገዛ ወጥ ቤቱ ብቻ ነው። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ተከሳሽ ሩዝ ከተከሰሰበት ወንጀል ነፃ ነው» ይላል። ሚስቱ ማንኪያዋን የምታነሣው ያኔ ነው። ድንች ነፃ ይወጣል፣ ዓሣ ነፃ ይወጣል። ከሰው ቤት የመጣ ሾርባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈረድበታል፤ የሚያወፍሩት በስንዴ ዱቄት ነዋ።

ጨዋታው ከተጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ያኔ የሰው ልጅ ስትቀበል ውላ ስትመለስ የገዛ ቤቷን ደረጃ መውጣት እስኪያቅታት ከስታ፣ አርባ አንድ ኪሎ ገብታ ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ሐኪም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ፣ ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቷን እየጎዳው እንደሆነ ነገራቸው። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፤ ሌላ የለውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሐፊው ወጥ ቤቱን ተረከበ። ዱቄት የነካውን ዕቃ፣ ማማሰያው ሳይቀር፣ አውጥቶ ጣለ። ከሩዝና ከበቆሎ ዱቄት ዳቦ መጋገር ተማረ። ዳቦው ጡብ ጡብ ይል ነበር፤ ሚስቱ ግን «እጅህ ይባረክ» ሳትለው በልታ አታውቅም።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር አለ። ያ የአርባ አንድ ኪሎ ዓመት አንዳንዴ ይናፍቀዋል። እስከ ሦስተኛ ፎቅ አቅፎ ሲያወጣት ትንፋሿ አንገቱ ላይ እያረፈ፣ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ትለው ነበር። ከዚያ ዳነች፤ ሰውነቷ ተመለሰ፤ ደረጃውን ከእሱ ቀድማ ትወጣ ጀመር። ያንን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም።

የአዋላጆች ታላቅ ጉባኤ የተጠራው ከቤታቸው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ሦስት ሺህ ሰው ይሰበሰባል፤ በሦስተኛው ቀን ሚስቱ በዋናው አዳራሽ አሥራ አምስት ደቂቃ ትናገራለች። ለዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ አራት ዓመት ስትዘጋጅ ኖራለች። ከዚያ በፊት በሄደችበት ትንሽ ስብሰባ ላይ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ጥሏት ስለነበር፣ ጸሐፊው የዓመት ፈቃዱን ወሰደና አብሯት ሄደ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ ድንችና ሩዝ፣ የጋገረውን ዳቦ ደግሞ በሰማያዊ ሳጥን አድርጎ ስንቁን ይዞ ተነሣ።

«ወደ ጉባኤ ነው ወይስ ወደ ዘመቻ?» አለችው ሚስቱ አውቶቡስ ላይ።

«ያንቺ ሆድ ከዘመቻ በምን ያንሳል!»

መመዝገቢያው ጋ የተቀመጠችው ሴት ሚስቱን የምግብ ሁኔታዋን ጠየቀቻትና፣ አንገቷ ላይ በምታንጠለጥለው ካርድ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ትልቅ አድርጋ «ነፃ» ብላ ጻፈችበት። ከስንዴ ነፃ ማለቷ ነው። ከኋላ ተሰልፋ የነበረችው የሥራ ባልደረባዋ፣ ድምፅዋ ሦስት ክፍል ተሻግሮ ስለሚሰማ «ጡሩምባ» የሚሏት፣ ካርዱን አየችና ጮኸች።

«እንዴ! እኛ ከፍለን ስንገባ አንቺ በነፃ? በየት በኩል ዘመድ አገኘሽ?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም። «ነፃ» የእሱ ቃል ነበረች። በአረንጓዴ ቀለም ተጽፋ በሦስት ሺህ ሰው ፊት ስትንጠለጠል ሲያይ፣ ያለፈቃዱ ከመዝገብ ቤት ፋይል የወጣበት ያህል ተሰማው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሰማያዊው ሳጥን ዳቦ አውጥቶ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል መጣ። የአዳራሹ ሼፍ ነበር።

«ነፃዋ እመቤት የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ፣ ካርዷን ከፍ አድርጋ።

«እኔም ነፃ ነኝ፣ እህቴ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የገዛ ወጥ ቤቴን ምግብ ሳልቀምስ የምኖር ሼፍ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።» ፎጣውን ገለጠው። ትኩስ ድቡልቡል ዳቦ ነበር። «ምድጃው ለብቻው ነው፣ ዱቄቱም ለብቻው ነው። ይቺም ለብቻዋ ናት» አለና እጀታዋ ቀይ በሆነ ቢላዋ ቆረጠላት።

ቅርፊቱ ሲሰበር ድምፅ አሰማ። ጸሐፊው ዘጠኝ ዓመት ሲጋግር ያንን ድምፅ ከዳቦው አግኝቶት አያውቅም። ሚስቱ ፍርድ ሳትጠብቅ ጎረሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ሳቀች። የአዋቂ ሳቅ አልነበረም፤ የተደበቀ ነገር ያገኘ ሕፃን የሚስቀው ዓይነት ነበር። ጸሐፊው የራሱን ዳቦ ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ መለሰና ክዳኑን ገጠመው።

«ቅመሰው እንጂ» አለችው።

«ጠግቤያለሁ» አለ፤ ቁርስ አልበላም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን አዳራሽ ውስጥ ፈልጎ አጣት። ያገኛት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ኮሪደር፣ ከሼፉ ጋር በተደፉ የአትክልት ሳጥኖች ላይ ተቀምጣ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። በሰው ልደት ላይ ኬክ ሲቀርብላቸው ስለሚፈጥሩት ሰበብ እየተነጋገሩ ይሳሳቃሉ።

«እኔስ ቤተሰቤን አስለምጃለሁ። አንቺን ግን ምን ይናፍቅሻል?» አላት ሼፉ።

«አትሳቅብኝ። ዳቦ በሕልሜ አያለሁ። ሌላ ሰው የሞተ ዘመዱን እንደሚያየው። ትምህርት ቤት ስሄድ የምገዛው ዳቦ፣ እጄን የሚያቃጥለኝ። ስነሣ ትራሱ እርጥብ ነው።»

«ለባለቤትሽ ነግረሽዋል?»

«ለሱ? ኧረ እንዴት ብዬ!»

ጸሐፊው ከበሩ ኋላ ቆሞ ሰማ። ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ትራስ ጎን ተኝቷል። ላቧ ይመስለው ነበር። ሌላ ወንድ ቢያቅፋት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ቢያንስ ይጮኻል። አሁን ግን በምን ይከሳል? ሚስቴ ሕልሟን ለሼፍ ነገረች ብሎ? እግሩን እየጎተተ ተመለሰ።

ምሳ ላይ ሚስቱ ከሼፉ ዳቦ አንድ ጎርሳ ሁለተኛውን ልትጎርስ ስትል ነው ቃሉ ከአፉ ያመለጠው።

«ተይው። ቀዩን ቢላዋ ተራውን ዳቦ ሲቆርጡበት አይቻለሁ። ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ዳቦውን አስቀመጠችና አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች። ሊያስቆማት የፈለገው ከሳቋ ነበር፤ ፊቷ እንደዚያ አመድ ይመስላል ብሎ ግን አላሰበም። እዚያው ሊያቆመው ይችል ነበር። «ልሳሳት እችላለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። አላለም።

ሚስቱ ለራሷ ብቻ ፈርታ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። «ነፃ» የሚል ካርድ ያንጠለጠሉ ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ወደ ጉባኤው አስተባባሪ ሮጠች። አሥራ አንዱም ሹካቸውን አስቀመጡ፤ የሼፉ ምድጃ ነገሩ እስኪጣራ ተዘጋ፤ በዳቦው ፈንታ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን ቀረበላቸው። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ልታዳምጥ የምትጠብቀውን ንግግር ሁሉ ትታ በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሆዷ እስኪነሣባት ሰዓቷን እያየች። ነገ የምታነበው ወረቀት ጭኗ ላይ ነበር፤ አንዱንም ገጽ አልገለጠችውም።

ጸሐፊው የተመኘውን አገኘ። ሰማያዊውን ሳጥን ከፍቶ የራሱን ዳቦ አወጣላት። «ተከሳሽ ዳቦ ነፃ ነው» አለ። በላች። ለረጅም ጊዜ አኘከች። «እጅህ ይባረክ» ግን አላለችም።

እራት ላይ አስተባባሪዋ ሼፉን ይዛ መጣች። ሼፉ አልተቆጣም፤ ያ ነው የባሰው።

«ጋሼ፣ ልጣላዎት አልመጣሁም። ጥፋት ካለ ማወቅ ስላለብኝ ነው። ምን አዩ?»

«አራት ሰዓት ከሩብ ላይ…» ብሎ ጸሐፊው ጀመረ፤ ሰዓቱን፣ መስኮቱን፣ ነጩን ቆብ፣ አሁን ደግሞ ቆቡ ላይ የነበረችውን የዘይት ጠብታ ጨመረበት።

የሚስቱ ሹካ ቆመ። ስንት ማታ ከሥራ መልስ፣ «የሐሰት ምስክር በምን እንደሚታወቅ ልንገርሽ?» ብሏታል። «ሳይጠይቁት ሰዓት ይናገራል። ያየ ሰው ‹እንጃ፣ ጠዋት መሰለኝ› ነው የሚለው።» ይህን ያስተማራት ራሱ ነው።

ሼፉ ሽርጡን ገለጥ አደረገ። የቀይዋ ቢላዋ አፎት በገመድ ከቀበቶው ጋር ታስሮ ነበር። «አሥራ አራት ዓመት ከወገቤ ተለይታ አታውቅም። ስተኛ ነው የምፈታት።»

ጸሐፊው ሁለት ቀን ሙሉ ያየው የሚስቱን ሳቅ ነበር፤ የሼፉን ወገብ አላየም።

«እንጃ፣» አለ። «ሌላ ቢላዋ ይሆናል።»

«አሁን ነው እንጃ የመጣው?» አለች ሚስቱ፣ በጣም ቀስ ብላ። ተነሥታ ወደ ክፍላቸው ሄደች። ሆዷ እንዳልታመመና እንደማይታመም ያኔ አውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ጸሐፊው አሥራ አንዱ ሰዎች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ሄዶ ቆመ። አስተባባሪዋ ነበረች፤ ሼፉ ነበር፤ ጡሩምባም አልቀረችም። ሃያ ስድስት ዓመት ተከሳሾች ሲቆሙ እንዳየው፣ እጁን ወደ ታች አድርጎ ቆመ።

«ትናንት የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። ምንም አላየሁም። ጥፋተኛ ነኝ።»

ሼፉ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ምን አድርጌዎት ነው፣ ጋሼ?»

«ዳቦህን በልታ ሳቀች። ሕልሟንም ነገረችህ። ለኔ አልነገረችኝም።»

መጀመሪያ የተናገረችው ጡሩምባ ናት። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አለች፣ መላጣ ራሱን እያየች። «አንተን ወንድሜ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብህ።» ከአሥራ አንዱ አንዱ ብርቱካኑ ትን አለው። ሼፉ ግን ጸሐፊውን ትከሻውን ነካ አድርጎት ብቻ ምድጃውን ሊያቀጣጥል ገባ።

ሚስቱ አራት ሰዓት ላይ መድረኩ ላይ ወጣች። ጸሐፊው በመጨረሻው ረድፍ ቆሞ ሰማት። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሻከረ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ብዙ ደም ስለሚፈሳት እናትና ስለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተናገረች፤ ሦስት ሺህ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጣት። ሲያጨበጭቡላት በዓይኗ ማንንም አልፈለገችም። ወይም ፈልጋ ይሆናል፤ ከሩቅ አይታወቅም።

ምሳ ላይ በተለመደው ጠረጴዛ ሰማያዊውን ሳጥን ከእግሩ ሥር አድርጎ ጠበቃት። ሌላ ጠረጴዛ ትሄዳለች ብሎ ነበር። መጣች። ትኩስ ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ጠዋት ምን እንዳልክ ጡሩምባ ነገረችኝ። በዚያ ድምፅዋ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ሕልሙን ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ለአንተ ብነግርህ እስኪነጋ ዳቦ ስትጋግር ታድራለህ። ያንን ጡብህን። እኔም በልቼ እጅህ ይባረክ እላለሁ። ደግሞ አንተን ላስለቅስህ?»

እጁ ልማዱን አልረሳም፤ ወደ ሳህኑ ተዘረጋ፣ ጉሮሮው ተጠረገ። «ተከሳሽ ዳቦ…»

መዳፏን አነሣች። «ዳኛ ይነሣልኝ።»

እጁን ሰበሰበ። እንዲህ ያለውን አቤቱታ ስንት ጊዜ በገዛ እጁ ማኅተም መትቶበታል። ዳኛው በጉዳዩ ጥቅም ወይም ቂም አለው ተብሎ ሲጠረጠር የሚቀርብ ነው፤ ጥርጣሬው ልክ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ከመነሣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ሚስቱ ዳቦውን አገላበጠችው፤ አሸተተችው፤ ወደ ወጥ ቤቱ በር አንድ ጊዜ አየች። «ነፃ ነው» አለች፣ ለራሷ። ገመጠችውም። ቅርፊቱ ያንን ድምፅ አሰማ።

«የኔስ መዝገብ?» አለ ጸሐፊው።

«ያንተ ተቀጥሯል።»

«ለመቼ?»

አፏ ሙሉ ነበር። መልሱን ለመስማት እስክትውጥ መጠበቅ ነበረበት፤ እሷም አልቸኮለችም።