ነቀዝ ይግባበት ብዬ የጸለይኩበት ማሽላ

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም በመካከላችን ይሁን! ኧረ አሜን በሉኝ! ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ሦስት እሁድ ሙሉ "ዛሬ እነሣለሁ" እያልኩ ከወንበሬ ሳልነሣ ቀርቻለሁ፤ ምክንያቱም የምመሰክረው ነገር አያምርም። ሰው ከአልጋ ተነሣሁ፣ ከእስር ተፈታሁ ብሎ ይመሰክራል። እኔ የዳንኩት ከቅናት ነው። ከቅናትና ቅናት ካመጣብኝ ዕዳ። ስሙ ይባረክ!

ጥሩ እባላለሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የሲሳይ ሚስት፣ ከአስፋልቱ ወደ ሽንኩርት ማሳው በሚወርደው መንገድ የምንኖረው። ጌታን ከተቀበልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከስድስቱ ሦስቱን ግን ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ እጄን አንሥቼ እየዘመርኩ፣ ሆዴ ጎረቤቴ ደጅ ነበር። ተጠምቄያለሁ፤ ቅናቴንም አብሬ ይዤ ነው ከውኃው የወጣሁት።

ጎረቤቴ ዘሀራ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ቆየ፤ ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ቆቦ ገበያ እህል ትገዛለች፣ ትሸጣለች። እኔና ሲሳይ መሬት አለን፣ በሬ አለን፣ ማሽላ እናመርታለን። ስንጋባ እሷ የሣር ቤት ውስጥ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ጣሪያዋን በአዲስ ቆርቆሮ ከደነችው።

ወንድሞቼ፣ ያ ቆርቆሮ! ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ነጸብራቁ ቀጥ ብሎ እኔ ምድጃ ላይ ነው የሚወድቀው። ጀርባዬን ባዞር ድስቴ ክዳን ላይ አየዋለሁ። ባል ያለኝ እኔ፣ ባል የሌላት እሷ፤ እንዴት ትበልጠኛለች? ስታጠብ ይህን ነው የማስበው፤ ስጸልይም ይህንኑ።

"ይቺ ሴትዮ የሆነ ነገር አላት" እለዋለሁ ሲሳይን።

"ምን አላት?"

"እኔ እንጃ፤ ብቻ የሆነ ነገር።"

"ማሽላ አላት" ይለኛል እየሳቀ። እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም።

ከውጪ ካልበለጥኳት ከውስጥ እበልጣታለሁ አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ማሽላችን ተወቅቶ ገባ። ዓመቱን የሚያደርሰን እህል ነው። እኔ ግን ዓይኔ ቡፌ ላይ ነው፤ ባለ መስታወት፣ ባለ ሦስት በር ቡፌ። እህሉን በማዳበሪያ አደረግሁና አፉን ሰፋሁት። እኔ ማዳበሪያ ስሰፋ ከአሮጌ ብርድ ልብስ በፈታሁት ቀይ ክር ነው፤ እናቴ ያስለመደችኝ ነው፣ ጫፉን ሦስቴ እቋጥረዋለሁ። እንዲያ አድርጌ ገበያ አስጫንኩት። ታኅሣሥ ሁሉም ሰው ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ እሱን የራያ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ቅናት ግን ሐምሌን አያሳይም።

ገንዘቡ ለቡፌው አልበቃም፤ የጎደለውን ሮቢት ካለ ነጋዴ ተበደርኩ። ቡፌው በጋሪ መጣ። በራችን አላስገባው አለ።

"ቤት አፍርሰን ነው እንዴ ቡፌ የምናስገባው?" አለ ሲሳይ።

"ንቀለው መቃኑን!" አልኩት።

ነቀለው። ዘሀራ ከደጇ ቆማ ታየናለች። "ማሻ አላህ፣ አላህ በረካ ያድርግልሽ" አለችኝ። ያን ቀን እራት ሳልበላ ጠገብኩ።

ሐምሌ ገባ፤ ጎታው ባዶ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሲሳይ እየወጣ ማሽላ በዱቤ ያመጣል፣ በእጥፍ ዋጋ። "ከየት ነው?" ስለው "ከገበያ" ይለኛል፤ በኛው ከረጢት ገልብጦ ስለሚያመጣው ምንም አልጠረጠርኩ። ዕዳውን ለመክፈል በታኅሣሥ እንደገና እሸጣለሁ፣ በሐምሌ እንደገና እበደራለሁ። በዚያ ላይ እኔ አላርፍም። ዘሀራ በግ ስትገዛ እኔ መጋረጃ። ዘሀራ ልጇን ደሴ ስታስተምር እኔ ሶፋ። እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት። ዕዳችን ስንት እንደደረሰ በቁጥር አልነግራችሁም፤ ልጆቼ እዚህ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ሆዴን ያቃጥለኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው መረመረኝና "ጨጓራ ነው። የሚያናድድሽ ነገር አለ?" አለኝ። "ኧረ የለም" አልኩት። መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ከሩቅ ያ ቆርቆሮ ሲያበራ አየሁትና ቃጠሎው እዚያው መንገድ ላይ ተነሣብኝ።

አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ አትፍረዱብኝ፤ ወይም ፍረዱብኝ፣ ይገባኛል። ሦስት ቀን ጾም ያዝኩ። እናንተ ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናብ ስትጸልዩ፣ እኔ ጥጌን ይዤ "ጌታ ሆይ፣ ዘሀራ ባከማቸችው ማሽላ ላይ ነቀዝ ላክበት" አልኩ። በእንባ ነው የጸለይኩት! ከጎኔ የነበረችው እህት መንፈስ የነካኝ መስሏት ትከሻዬን አቅፋ "ተቀበልላት!" ትላለች። አቤት የጌታ ትዕግሥት!

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሲሳይ አስቀመጠኝ።

"ጥሩ፣ መሬቱን ለሦስት ዓመት በኮንትራት ልሰጠው ነው። ከዋጃ ሦስት ልጆች አሉ፤ ከነሱ ጋር በአፋር በኩል አድርጌ ሳዑዲ ልሻገር። ደላላውን ነገ አገኘዋለሁ።"

"ስለ እግዜር!" አልኩት።

"በምን ልክፈል ታዲያ? በመስታወት?"

ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ። በዚያ ሄደው ድምፃቸው የጠፋባችሁ እናቶች ዛሬም እዚህ ተቀምጣችኋል። እኔ ነኝ ወደዚያ የምገፋው። ደላላው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ዋጃ ወጣ። ቤት ውስጥ አንዲት ጣሳ እህል የለም። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ሱቁ ዱቤ ከልክሎኛል፤ ዘመድም ጠግቦኛል። የቀረችኝ አንዲት ደጅ ብቻ ናት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ።

ያን ሁሉ ዓመት ስቀናባት ቤቷ ገብቼ አላውቅም። ገባሁ። ወንድሞች፣ ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ? ምንም! ሰሌን፣ ሁለት በርጩማ፣ የልጆቿ ደብተር። ቡፌ የለም፣ መጋረጃ የለም። በማን ስቀና ነው የከረምኩት አልኩ በሆዴ።

"ዘሀራ፣ ለልጆቹ ትንሽ ማሽላ…" ብዬ ነጠላዬን ይበልጥ ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"አብሽሪ፣ እህቴ። ወገቤን አሞኛል፤ ውስጥ ግቢና አንዱን ማዳበሪያ ራስሽ ጎትተሽ አውጪው።"

ወደ ጓዳ ገባሁ። ማዳበሪያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረዋል፤ በየመካከላቸው ነቀዝ የሚያባርር የኒም ቅጠል ተነስንሷል። የመጀመሪያውን ያዝኩት። አፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ጫፉ ሦስቴ ተቋጥሯል። ሁለተኛውን አየሁ፤ ቀይ ክር። ከሥር ያለውም ቀይ ክር።

"ዘሀራ! ይሄ የኔ ማሽላ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"የነበረ" አለችኝ ከበሩ ቆማ፣ ዝግ ብላ። "ታኅሣሥ ላይ ከገበያ እገዛዋለሁ። ሐምሌ ላይ ሲሳይ መጥቶ ይወስደዋል። ሦስት ዓመታችን እኮ ነው። አልነገረሽም እንዴ?"

አያችሁልኝ ወይ! የራሴን ማሽላ በእጥፍ ዋጋ በዱቤ እየገዛሁ እበላ ነበር! ነቀዝ ይብላው ብዬ ሦስት ቀን የጾምኩበት እህል የልጆቼ እራት ነበር! ሌላው ሰው ጸሎቱን ስለሰማለት ጌታን ያመሰግናል። እኔ ስላልሰማኝ አመሰግነዋለሁ! ሃሌ ሉያ! ነቀዙን ማሽላው ውስጥ አልከተተውም፤ እሱ ድሮም እኔው አጥንት ውስጥ ነበር።

ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ቆርቆሮውን፣ ቡፌውን፣ ጾሙን፣ ጸሎቱን። አስጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ወላሂ ጌታሽ ከአንቺ ይሻላል! የማን ማሽላ እንደሆነ አይቶ ነዋ የተወው!"

ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። "ቅር ብሎኛል፣ ጥሩ። አባት በሌላቸው ልጆች ጉሮሮ ላይ ነው የጸለይሽው።"

ይህን ስትለኝ ልቤ ተሰበረ። ስንት ስብከት ሰምቼ ያልተሰበረ ልብ በአንዲት መበለት ቃል ተሰበረ። በጉልበቴ ወድቄ ይቅርታ ለመንኳት፤ ከዚያም "ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ ስምህን እንጂ አንተን አላውቅህም ነበር" አልኩት። ዘሀራ አጠገቤ ቆማ በራሷ ጸሎት ቋንቋ "አላሁመ…" ብላ አንድ ነገር አለች። አሜን አልኩ።

"በነጻ ግን አልሰጥሽም" አለችኝ ስነሣ። "ነጻ እህል ያሰንፋል። ማሽላ በማሽላ ትመልሺልኛለሽ፣ ቁና በቁና፣ ጭማሪ የለውም። ታኅሣሥ ላይ ግን ቀይ ክርሽን ገበያ እንዳላየው!"

ተሸክሜ ወጣሁ። ወገቤን አሞኛል ያለችውን ሴት በማግስቱ ሁለት ማዳበሪያ ለብቻዋ ጋሪ ላይ ስትጭን አየኋት። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ሲሳይ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ሻንጣውን ሊያስር ከቆጥ አወረደ። እግሩን ይዤ "አንድ አዝመራ ብቻ ስጠኝ። አንድ!" አልኩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ወደ ቡፌው አየ።

"እሱ ከወጣ እኔ እቀራለሁ" አለ።

እውነት እላችኋለሁ፣ ወዲያው እሺ አላልኩም። ይቅር ይበለኝ፣ ባሌንና ቡፌዬን እያየሁ ትንሽ አሰብኩ! በነጋታው ጎብዬ ከተማ ያለ ሰው በግማሽ ዋጋ ወሰደው። መቃኑን እንደገና ነቀልነው። ቡፌው ጋሪ ላይ ሲወጣ አለቀስኩ፤ መስታወቱ ውስጥ የዘሀራ ቆርቆሮ እያበራ አለፈ። በቡፌው ዋጋ የሮቢቱን ነጋዴ ዘጋን። ሶፋውም ተከተለው።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን እንዲህ ሆነ። ታኅሣሥ ሲመጣ በመጀመሪያ የዘሀራን መለስኩ፣ ቁና በቁና። የቀረውን በኒም ቅጠል አስቀመጥኩ፤ አንዲት ጣሳ አልሸጥኩም። አገዳውን ለከብት መኖ ሸጥን። ሽሮ በላን፣ ሽሮ ደገምን። ሁለት ዓመት አዲስ ልብስ አልገዛሁም፤ ለሰርግ በተጠራሁበት ሁሉ ያችኑ ቀሚስ ለበስኩ። "ጥሩ ምን ነካት?" አሉ፤ ይበሉ። ባጃጅ ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ሐምሌ ላይ፣ ዋጋው ሲወጣ፣ ከዓመቱ ቀለብ የተረፈውን ሸጥን፤ በዚያ ዕዳ ከፈልን። ባለፈው ሐምሌ የመጨረሻውን ከፈልን! ስሙ ይክበር! ሲሳይ ይኸው ከኋላ ተቀምጧል። ደላላው ስልክ ሲደውል "ቁጥር ተሳስተሃል" ይለዋል። አምስት በጎች አሉን፤ ቤታችንም ዘንድሮ ቆርቆሮ ለበሰ። ሆዴን የሚያቃጥለኝ ነገር ትቶኛል።

ግን ውሸት አልመሰክርም። ቅናት እንደ ጥርስ አንዴ ተነቅሎ የሚቀር አይደለም። በቅርቡ ዘሀራ ባጃጅ ገዛች። አዲስ፣ ሰማያዊ። ሳየው ልቤ ቁርጥ አለ። አሁን ግን አንድ ልማድ አለኝ፤ ቅናት ሲይዘኝ ሳልቀመጥ ሄጄ "እንኳን ደስ ያለሽ" እላለሁ። ያን ቀን ሦስቴ ከደጇ ተመለስኩ፤ በአራተኛው ጌታ አስገባኝ። "ምነው ቆየሽ? ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩሽ ነው" አለችኝ። ታውቀኛለቻ!

ወገኖቼ፣ ይህንን ያደረገ ጌታ ለእናንተም ያደርጋል። ዕዳ ያለባችሁ፣ ባል ሊሄድባችሁ ሻንጣ ያሰረባችሁ፣ በእሱ ታመኑ። የለመናችሁትን ሳይሰጣችሁ ሲቀር ደግሞ ቶሎ አታኩርፉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ባለፈው እሁድ ከዚህ ወጥተን ስንሄድ፣ በደጄ ስታልፊ ቆም ብለሽ ቆርቆሮዬን ያየሽው እህቴ፣ ስምሽን አልጠራም። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የኔ ነበር። ዘንድሮ ማሽላሽ ገና አውድማ ላይ ነው። አትሽጪው። ነገ ቤቴ ነይ፤ ኒሙ ደጄ ላይ ነው፣ የምትፈልጊውን ያህል ትቆርጫለሽ፤ አብረን እንጸልያለን። ካልሰማሽኝ ግን ገበያ ወጥቼ እኔው እገዛዋለሁ። ሐምሌ ላይ ደጄ ስትመጪ ወገቤን አሞኛል እልሻለሁ፤ ያኔ ራስሽ ገብተሽ፣ ራስሽ ጎትተሽ ታወጪዋለሽ። ጌታ ይባርካችሁ፣ አሜን።