የባላምባራስ ደርበው ሁለተኛ ዓይን

«የታለ ሌላው ዓይኔ? የታለ?» ባላምባራስ ደርበው ሠዓሊው አድማሴ በጎን ወደሳላቸው ሥዕል በዱላቸው ጫፍ ይጠቁማሉ። «እኔ ይሁዳ ነኝ? አገር እያየ ሰይጣን አደረግኸኝ እኮ፣ አንተ!»

አድማሴ ዓይኑን ከዱላው ላይ አልነቀለም። ነገሩ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ዳንግላ። ባላምባራስ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ግድግዳው ገና ነጭ ነው። ግድግዳውን እንዲስል ቃል የተገባለት ደግሞ አድማሴ ነበር።

መቼም እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን የሚሳለው፣ ባለ አንድ ዓይኑ፣ ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቃል። የቄስ ልጁ አድማሴማ እንዴት ይጠፋዋል? ችግሩ መምህሩ ነው።

መምህሩ ከአንድ ዐረብ ነጋዴ ሱቅ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ቀይ ቆብ ያደረገ ፈረንጅ በጎን ተስሎበታል። ነጋዴው «የሳለው ሰውዬ ከሞተ አራት መቶ ዓመቱ ነው» ሲለው አድማሴ ደስ አለው፤ የማይቆጣ መምህር ከየት ይገኛል? ሁለት ዓመት ሙሉ አቡጀዲ እየወጠረ፣ ቀለም በተልባ ዘይት እያሸ፣ ያንን ፈረንጅ አሥራ ሰባት ጊዜ ገለበጠው። ጉንጩ ሥጋ መሰለ፤ አንገቱ ላይ ጥላ ወደቀ። ሌላውን ዓይን ግን ፈረንጁ አላሳየውም። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ዓይን ቢጨምርበት ጉጉት ወፍ መሰለበትና ተወው።

«ጌታዬ፣ ፈረንጅ አገር ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚሳል።»

«እንግዲያ እዚያው ሂድና ሳል! የኔን ግድግዳ በጣትህ አትነካትም!»

ይኸኔ የባላምባራስ እናት፣ እማሆይ ወርቅነሽ፣ ጩኸቱን ሰምተው በምርኩዝ ብቅ አሉ። ሥዕሉን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ውይ በሞትኩት! ደርብዬ ራሱ! ብድር ጠያቂ ሲመጣበት ፊቱን የሚያዞረው እንዲህ ነው እኮ።»

ደጅ የተኮለኮሉት ገበሬዎች ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ባላምባራስ ዱላቸውን ከሥዕሉ ላይ አነሡ። ሰይጣን ነው እንዳይሉ እናታቸው ልጄ ነው ብለዋል፤ የሰይጣን እናት ሊያደርጓቸው ነው?

«ግድግዳውስ፣ ጌታዬ?» አለ አድማሴ ቀስ ብሎ።

«ትስላለህ። ግን ጻድቃኑን ሁለት ሁለት ዓይን!»

«ሁለት ሁለት፣ ጌታዬ!» አለ አድማሴ ፈጥኖ።

«የዚህ ሥዕል ዋጋ አሥራ ሁለት ብር ያልነው ለሁለት ዓይን ነው» አሉ ባላምባራስ ኪሳቸውን እየዳበሱ። «ያመጣኸው አንድ።»

ስድስት ብር ቆጠሩለት። አድማሴ እጅ ነስቶ ተቀበለና፣ ሥዕሉ ላይ ጆሮም አንድ ብቻ መሆኑን አይተው ሳይቀንሱበት ወጣ።