ያልተዘፈነው የጠለፋ ዘፈን

በዩኒቨርሲቲው ቡሬ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ድራማቱርግ ሆኜ ተሾምኩ። የሾመኝ ልጅ ቃሉን ሲጠራው ምላሱ ይደናቀፍ ነበር፤ ትርጉሙንም የሚያውቀው እንደ አጠራሩ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፤ የተማሪዎቹን ሙዚቃዊ ድራማ ራሱ ጽፎ ራሱ ያዘጋጃል። ለሙያው ያለው ብቃት የውጭ አገር ቴአትሮችን በስልኩ ማየቱና በቀትር ፀሐይ ሻርፕ መጠምጠሙ ነበር። በውጭ አገር ድራማቱርግ ሳይኖረው መድረክ የሚወጣ ድራማ የለም ብሎ አስረዳኝ። ምን እንደምሠራ ብጠይቀው፣ ታሪኩ እርስ በርሱ እንዳይጣላ እየተከታተልኩ መጠየቅ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እኔም የምሩን መሰለኝ።

ድራማው ስለ አንድ ጎበዝ ገበሬ ነው። ምንጭ ዳር ያያትን ልጅ በፈረስ ይጠልፋታል፤ ታለቅሳለች፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ደግሞ አብራው ስለ ፍቅር ትዘፍናለች። ፈረሱ በብርድ ልብስ ውስጥ የገቡ ሁለት የአካውንቲንግ ተማሪዎች ነበሩ። የኋላ እግር የሆነው ልጅ ስለ ሚናው ከሁላችንም በላይ ይጨነቅ ነበር።

በመጀመሪያ ገበሬዎቹ አጨዳ ላይ ቆመው ስለ ዘር ዝናብ ለምን እንደሚዘፍኑ ጠየቅኩ። ዜማው ስለሚያምር ነው ተባልኩ። ቀጥዬ፣ ልጅቱ እያለቀሰች ተወስዳ መቼ እንደወደደችው ጠየቅኩ። አዘጋጁ ሻርፑን አስተካከለና ትንሽ አሰበ።

«መብራቱ ሲቀየር ነው» አለኝ።

ግቢያችን ውስጥ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው የሚውለው። በሱ ስሌት ሁላችንም በፍቅር ማበድ ነበረብን።

ተጠላፊዋን የምትጫወተው ከማንኩሳ ገጠር የመጣች የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ናት። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የተገራ ድምፅ ነበራት። ሁሉንም ዘፈን ጥንቅቅ አድርጋ ትዘፍንና ያ የፍቅር ዘፈን ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ያማታል። ዝንጅብል በማር ታዘዘላት፤ ጤና አዳም አሽቺ ተባለች። አንዱ የጤና ተማሪ አፏን አስከፍቶ በስልክ መብራት ካየ በኋላ አለርጂ ነው ብሎ ፈረደ። አንድን ዘፈን ብቻ እየመረጠ የሚነሳ አለርጂ ሳይንስ እስካሁን አላገኘውም።

ላውንጅ ብቻዋን ተቀምጣ ሳገኛት ምን እንደሆነች ጠየቅኳት። እናቷ ልታያት እንደምትመጣ ነገረችኝ። ታዲያ ደስ አይልም ወይ አልኳት። የሻይ ብርጭቆዋን ስታሽከረክር ቆየች።

«እናቴን ድረው አልሰጧትም፤ ተጠልፋ ነው» አለችኝ። «ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነው የወሰዷት። ምንጩ ቤታችን አጠገብ ነው፤ እስከዛሬ ከሱ አትቀዳም። ዞራ ወንዝ ትወርዳለች።»

ይህን ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በጥያቄዎቼ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አዘጋጁ ዘንድ ሄጄ ምክንያቱን ሳልናገር ዘፈኑ ይውጣ አልኩት። ዘፈኑ የድራማው አናት እንደሆነ፣ ድራማቱርግ ደግሞ ይጠይቃል እንጂ እንደማይወስን አስታወሰኝ። ነገሩ ትክክል ስለሆነ ጠየቅኩት።

«እሺ፣ እሱ ሲዘፍን እሷ ዝም ብትልስ?»

«ባዶ ይሆናል።»

«ባዶውን እንየዋ።»

ሞከርነው። ኪቦርዱ ጀመረ፤ ጠላፊው የድርሻውን በፈገግታ ዘፈነ። የሷ ተራ ሲደርስ ዜማው ብቻውን ሄደ። እሷ ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬቱን እያየች ተቀምጣለች። ልጁ እንደገና ተራው ደርሶ ሲዘፍን ፈገግታው አብሮት አልመጣም፤ መጨረሻው ላይ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ወረደ። የፈረሱ የኋላ እግር ሳይቀር ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ያይ ነበር።

አዘጋጁ ይህ ከመጀመሪያውም የሱ ሐሳብ ነበር ማለት እንደሚቻል ተናገረ። ይቻላል አልኩት። ድራማቱርግነት ሐሳብ አርግዞ ልጁን ለሌላ አባት የመስጠት ሙያ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ትርኢቱ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የግቢው ሹማምንት ከፊት ባለ ሶፋ ተደላድለዋል፤ ወላጆች ከኋላቸው በፕላስቲክ ወንበር። የልጅቱ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከመንደር አብረዋቸው ከመጡ ጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ነኝ። ጠለፋው ላይ ተማሪው አጨበጨበ፣ አፏጨ። ዘፈኑ ጀመረና የልጅቱ ተራ ደረሰ፤ ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። ሳቅ ተሰማ። ከጎኔ የነበረ አንድ ተማሪ ቆሞ ማይኩን አስተካክሉላት እያለ መጮህ ጀመረ።

እናቷ ዞር ብለው አዩት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ተዋት ልጄ፣ እየተናገረች ነው» አሉት።

ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ትርኢቱ ሲያልቅ አዘጋጁ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ስለ ዝምታ ውበት ረዥም ንግግር አደረገ፤ ስለ ዝምታ ያን ያህል ያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ጠላፊውም ተሸለመ። ለፈረሱ አንድ ወረቀት ደርሶት ሁለቱ ልጆች ማን ይውሰድ ሲሉ ተጣሉ።

እኔ እናቷን ልሸኝ ሁለቱን ተከትዬ መናኸሪያ ሄድኩ። እናቷ በመንገዱ ሁሉ ስለ ድራማው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ስለ በቆሎው፣ ስለታመመችው ላም፣ ልጃቸው ስለመክሳቷ ነበር የሚያወሩት። ጎረቤታቸው ወደ ማንኩሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊት ተቀመጡ፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ ገብተን ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ ጀመርን። እናቷ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያፍተለተሉ ልጃቸውን ጠየቋት።

«ያን ለት እንደዚያ መቀመጤን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም እማየ» አለች።

እናትየው ወደሷ ጠጋ ብለው በዝግታ ማውራት ጀመሩ። የሚያወሩት የሁለቱ ነበርና ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ወደ ግቢ ተመለስኩ።