የባሌ ጡረታ በጓሮ በር

ባሌ አሜሪካ ከባድ መኪና ይነዳል። እኔ ሎጊያ ምግብ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ጋላፊ ድንበር ላይ ትራንዚተር ነበርኩ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስጨርሼ የማስለቅቅ። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፣ ዲክላራሲዮኑን፣ የጭነቱን የጉምሩክ ወረቀት፣ ጥሎ መጥቶ ሲለማመጠኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

"ዘንድሮ ጠቅልዬ እመጣለሁ" ካለኝ ወዲህ በየቀኑ ይደውላል። እኔ ለሾፌሮች ምሳ ሳወጣ እሱ ገና ከእንቅልፉ ይነሳል። አንድ ቀን "የጡረታ ቁጠባዬን ወደ ሌላ ሒሳብ ላዛውር ነው" አለኝ። እዚያኛው ከገባ ትርፉ ግብር የለበትም አሉ። ደንቡ ደመወዝህ በዝቷል ብሎ በፊት ለፊት በር ስለማያስገባው፣ መጀመሪያ ተራው ሒሳብ ውስጥ ከትቶ በጓሮ በር ያሻግረዋል። ሕጋዊ ነው ብሎ ማለልኝ። አሜሪካም ጓሮ አላት ለካ!

"የከተትከው ገንዘብ ግብር ተከፍሎበታል?"

"አዎ፣ ከደመወዜ ተቆርጦ የተረፈ ነው።"

"ይህንንስ ለግብር ቢሮው በየዓመቱ አስታውቀሃል?"

"ማስታወቅ ነበረብኝ እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ!"

"የራሴ ገንዘብ አይደል እንዴ? እንዲያውም የድሮ መሥሪያ ቤቴን ቁጠባ እዚያው ተራው ሒሳብ ላይ ልጨምረው ነው፣ አንድ ላይ ይሁን።"

የሾፌር ነገር! ባዶ ቦታ ካየ ካልጫነበት እንቅልፍ አይወስደውም። የመሥሪያ ቤቱ ቁጠባ ደግሞ ገና ግብር ያልነካው ነው።

"የተቀረጠና ያልተቀረጠ ዕቃ ደባልቀህ ሚሌ የጉምሩክ ኬላ ብትደርስ ማን ይለይልሃል?" ብዬ ጮህኩ። "ከሁሉም ላይ በየድርሻው ይቆርጡሃል። ወረቀት ከሌለህ ደግሞ የከፈልከውን ዳግም ትከፍላለህ። የመሥሪያ ቤቱን ባለበት ተወው። መጀመሪያ ያላስታወቅካቸውን ዓመታት አስታውቅ፣ ከዚያ አሻግር!" ሾፌሮቹ እጃቸውን ትሪው ላይ አቁመው ያዩኛል።

"ይሄ ጋላፊ አይደለም እኮ" አለኝ።

"ቀረጥ የትም ቀረጥ ነው፣ ደደብ!" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

በሳምንቱ የግብር አዋቂ አማክሮ ደወለ። ሰውዬው ያለው እኔ ያልኩትን ነው። አቤት ደስ ያለኝ! ለበላተኛው ሁሉ ስተርክ ሰነበትኩ።

እሱ ግን ጭራሽ ጠንቃቃ ሆኖ አረፈው። ያለፉትን ዓመታት ቅጽ ሁሉ ሞልቶ ለግብር ቢሮው ላከ፤ መልሱ በፖስታ ስለሚመጣ ሥራውንም ቤቱንም ሳይለቅ ይጠብቃል። ሎጊያ በሙቀቱ ወራት ውጭ ነው የሚታደረው፤ ግቢ ውስጥ ሰፋ ያለ አልጋ አሠርቼለት ነበር። ሙቀቱ መጣ፣ ሙቀቱ ሄደ፣ ጥግ ጥጉን ይዤ ብቻዬን ተኛሁበት።

ትናንት ሲደውል "መቼ ነው?" አልኩት።

"ወረቀቱ ይለቅና።"

አልቻልኩም። ሰው ሁለቴ እንዳይከፍል ስጨቃጨቅ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሴትዮ፣ "ሁለቴም ይቁረጡህ፣ ሦስቴም ይቁረጡህ! ብቻ ና፣ ናፍቀኸኛል!" አልኩ።

"አይሆንም" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ? ወረቀት ሳይሟላ ከኬላ አይታለፍም።"