የኦቦ ቶለራ መራራ ማር

ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ማር በቀመስኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያን ቀን እያስታወስኩ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰውየው ግን በጣም ይናፍቁኛል።

ነቀምቴ የሒሳብ መምህር ነኝ። ማስተማር የጀመርኩት ሲሬ ነው፤ ሦስት ዓመት የኖርኩት በማር ነጋዴው በኦቦ ቶለራ ግቢ ተከራይቼ ነበር። ምን ዓይነት ደግ ጊዜ ነበር! ማር ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፦ «ካምናው በየቤቱ ምን ያህል አለ? ዘንድሮስ ከቀፎ ምን ያህል ይወጣል?» የሚጨመረው ትንሽ ከሆነ ኦቦ ቶለራ ያለውን ገዝተው ያስቀምጣሉ።

ነቀምቴ ከተዛወርኩ በኋላ ቤት መሥራት ጀመርኩ። አጣናውን ኦቦ ቶለራ ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ሊሰጡኝ ቃል ገቡ። የቆርቆሮውን ገንዘብ እኔና ባለቤቴ እናጠራቅም ነበር።

በዚህ መሀል ስልኬ ላይ አንድ አዲስ ዲጂታል ገንዘብ አየሁ። ብዛቱ የተወሰነ ነው፣ የሚጨመረውም ከዓመት ዓመት ይቀንሳል ይላል። የሒሳብ መምህር አይደለሁ! በሰው እጅ ያለውን በየዓመቱ ለሚጨመረው አካፈልኩት። ባለሀብቶች ብርቅነቱን የሚለኩት እንዲህ ነው አሉ። ውጤቱ ትልቅ ወጣ፤ የቆርቆሮውን ገንዘብ በሙሉ ልከትበት ቆረጥኩ።

«ክረምቱስ?» አለች ባለቤቴ።

«ተከራይተን እናሳልፈዋለን» ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ቅዳሜ ጠዋት «አጣናው ይቆይ» ልላቸው ሲሬ ሄድኩ።

«አከም ጅርታ፣ ባርሲሳ!» ብለው አቀፉኝ። መምህር ማለታቸው ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ደብተሬን ዘርግቼ ስሌቱን አስረዳኋቸው።

«ይኼማ የእኔው ልኬት ነው!» አሉ ፊታቸው ፈክቶ። ደስ ብሎኝ እሳቸውንም ላስገባቸው ዳድቶኝ ነበር።

ጓዳ ገብተው አቧራ የለበሰ ቅል ይዘው ወጡ። በማንኪያ ዛቅ አድርገው አጎረሱኝ። የግራዋ አበባ ማር ነው። ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ዘለቀ። የሽማግሌ ጉርሻ እንዴት ይተፋል? ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት።

«ይህ ማር ሲሬን ብታስስ ከእኔ ቤት በቀር የለም» አሉ። «ብርቅ ነው ብዬ የነበረውን በሙሉ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልተጨመረም። በልኬትህ ከወርቅ ይበልጣል። ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ኤኙቱ ቢቴ? ማን ገዛኝ? እኔ ሁለቱን ጥያቄ የምጠይቀው ፈላጊውን ካወቅሁ በኋላ ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። አንተ የዚህን ፈላጊ ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም። የማውቃቸው ገዢዎች ሁሉ ለሌላ ሰው ለመሸጥ የገዙ ነበሩ፤ እኔም እንደዚያው ላደርግ ነበር። አፈርኩ። ደብተሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

የዚያን ቀን አጣናውን በጭነት መኪና አስጭኜ ተመለስኩ። ሰኞ ቆርቆሮ ገዛን። የዚያን ዲጂታል ገንዘብ ስም የሚያነሳ ሰው ካገኘሁ ቆየሁ።

ኦቦ ቶለራ አምና አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው ያንን ቅል አመጣችልኝ፤ «ለባርሲሳ ስጪው ብለዋል» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ።

አሁን ቅሉ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው ቀና ብዬ አየዋለሁ። እስካሁን ገዢ አልመጣለትም። ቢመጣም አልሸጠውም።